ድምፁ አለ፣ ምስሉ የለም፤ ቀብዱን ልመልስ?

በዚህ ዓምድ ብዙውን ጊዜ የምናወራው ስለ ልብ ጉዳይ ነው፤ እገሊት ከዳችኝ፣ እገሌ ዘጋኝ የሚል። የዛሬው ደብዳቤ ግን ስለ ኮምፒውተር ነው። ቆይ፣ ገጹን አትግለጡት! ነገሩ የኮምፒውተር ይሁን እንጂ ውስጡ ያለው ጭንቀት ከትዳር ጭንቀት አያንስም። ልጁ እንቅልፍ አጥቷል። ስሙንና ሰፈሩን ትቼ የጻፈውን አሳጥሬ ላቅርብላችሁ።

‹‹ዕድሜዬ 23 ነው። ጓሯችን ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ግድግዳውን በብርድ ልብስ ሸፍኜ ለሰፈር ልጆች ዘፈን አቀናብራለሁ። ኮምፒውተሩን የገዛልኝ ታላቅ ወንድሜ ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት አንድ የፊልም ዳይሬክተር መጥቶ የፊልሙን ማጀቢያ ሙዚቃ እንድሠራለት ተስማማንና ቀብድ ሰጠኝ። በሕይወቴ የመጀመሪያው ትልቅ ሥራ ነው። ቀብዱን ግማሹን ለእናቴ ሕክምና፣ ግማሹን ለስፒከር አዋልኩት። ፊልሙን በሃርድ ዲስክ አመጣልኝ፤ ርዝመቱ 1 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ነው። በቪኤልሲ ስከፍተው ጥርት ብሎ ይታያል። ኩቤዝ ውስጥ ሳስገባው ግን ድምፁ ይገባል፣ ምስሉ ጥቁር ነው። አንዱ ጓደኛዬ ‹ኮዴክ ጫንበት› አለኝ። ከኢንተርኔት ሦስት ዓይነት አውርጄ ጫንኩ፤ ጭራሽ ባሰበት። ሌላው ‹ፎርማት አድርገው› አለኝ። ኮምፒውተሩ ውስጥ ግን የሁለት ዘፋኞች ያላለቀ ሥራ አለ። አሁን በቴሌግራም የላከልኝን ፊልም በስልኬ ከፍቼ፣ ስልኩንና ኩቤዙን ‹አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት› ብዬ እኩል እየለቀቅኩ ነው የምሠራው። ሲጀምር ይገጥማል፤ ቆየት ሲል ተዋናይዋ በር ዘግታ ከወጣች በኋላ ነው ከበሮው የሚመታው። ዳይሬክተሩ ሲደውል ‹በጥሩ ሁኔታ ላይ ነው› እለዋለሁ። 12 ቀን ቀርቶኛል። ቀብዱን ተበድሬ ልመልስለት ወይስ ኮምፒውተሩን ፎርማት ላድርገው?››

ወንድሜ፣ ከመጨረሻው ልጀምርልህ። ቀብዱንም አትመልስ፣ ኮምፒውተሩንም ፎርማት አታድርግ። የፊልሙ ፋይል አልተበላሸም፤ ኮምፒውተርህም አልሞተም። በመሃላቸው ያለው የቋንቋ አለመግባባት ነው። አስተርጓሚ ደግሞ በነጻ ይገኛል።

ይህን የምልህ ኢንጂነር ሆኜ አይደለም፤ የእኔም ትምህርት ከ12ኛ ክፍል አላለፈም። ግን ያንተን ደብዳቤ ይዤ አንድ ፊልም ኤዲት የሚያደርግ ወዳጄንና አንድ በማጀቢያ ሥራ የቆየ ሰው ጠየቅሁ። ሁለቱም ሳቁ። በአንተ አይደለም የሳቁት፤ ‹‹ይኼ ነገር ዛሬም ሰው ያስለቅሳል?›› ብለው ነው። እነሱም አልቅሰውበታል ማለት ነው።

በመጀመሪያ ስለ ፎርማት። እኛ ዘንድ ኮምፒውተር ካስነጠሰው ፎርማት፣ ካሳለው ፎርማት! ራሱን ላመመው ሰው ጭንቅላቱን ቁረጡለት እንደማለት ነው። አሁን አንተ ኮምፒውተር ውስጥ ያለው ያንተ ንብረት ብቻ አይደለም፤ ሁለት ሰዎች አምነው ያስቀመጡት ድምፅ አለ። ያ ቢጠፋ ዳይሬክተሩ ከሚጠይቅህ ቀብድ በላይ ዕዳ ይሆንብሃል። ስለዚህ ይህን ጋዜጣ አንብበህ ስትጨርስ ሌላ ነገር ከመንካትህ በፊት የሁለቱን ዘፋኞች ሥራ በሌላ ሃርድ ዲስክ ላይ ገልብጥ። ስትገለብጥ ደግሞ የፕሮጀክቱን ፎልደር እንዳለ ውሰደው። ብዙ ልጆች የፕሮጀክቱን ፋይል ብቻ ይወስዱና ‹‹ኦዲዮ›› የሚለውን ፎልደር ይተዉታል፤ በኋላ ሲከፍቱት ባዶ ቅል ይሆንባቸዋል።

ከኢንተርኔት ያወረድካቸውን ሦስቱን ኮዴኮችም አንድ በአንድ አንሳቸውና በአንቲቫይረስ አስፈትሽ። ከየትም የሚወርድ የኮዴክ ጥቅል ከየትም እንደሚገዛ መድኃኒት ነው። ደግሞ አልጠቀመህም፤ አይጠቅምህምም። ለምን? ድሮ ዊንዶውስ ላይ ያለ ኩቤዝ ቪዲዮ ለማሳየት በአብዛኛው የሚደገፈው ኩዊክታይም በሚባለው የአፕል ፕሮግራም ነበር። አፕል በ2016 እ.ኤ.አ. የዊንዶውሱን ኩዊክታይም መንከባከብ አቆመ፤ በዚያው ዓመት ሚያዝያ ወር ላይ የደኅንነት ቀዳዳ ስለተገኘበት የአሜሪካ መንግሥት የኮምፒውተር ደኅንነት መሥሪያ ቤት ሳይቀር ‹‹ከኮምፒውተራችሁ ላይ አንሱት›› ብሎ አስጠነቀቀ። የኩቤዝ ባለቤት የሆነው ስታይንበርግ በ2017 እ.ኤ.አ. የራሱን የቪዲዮ ሞተር ሠርቶ ፕሮግራሙ ውስጥ ከተተው። ከዚያ ወዲህ ያለ ኩቤዝ ቪዲዮ የሚያነበው በገዛ ዓይኑ ነው። አንተ ዊንዶውሱ ላይ መቶ ኮዴክ ብትቆልል ዞር ብሎም አያየውም።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ፤ ያንተ ኩቤዝ ስንተኛው ነው? በደብዳቤህ አልነገርከኝም። ከተማችን ውስጥ በ2009 እ.ኤ.አ. የወጣውን ኩቤዝ 5 እስከ ዛሬ ሙጭጭ ብሎ የያዘ ስቱዲዮ ሞልቷል። ከየት እንዳመጣኸው አልጠይቅህም፤ እሱን አንተና ኅሊናህ ታውቃላችሁ። ግን ከ2017 በፊት የወጣ ከሆነ፣ ቪዲዮ ላይ አታሠቃየው፤ ወደ መጨረሻው የምነግርህን ሌላ መንገድ ተመልከት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ‹‹የፊልሙ ፋይል ኤምፒ4 ነው፤ ኩቤዝ ደግሞ ኤምፒ4 ይቀበላል ይባላል፤ ታዲያ ለምን እምቢ አለ?›› ብለሃል በሌላ ገጽ ላይ። መልሱ ቀላል ነው። እኛ አገር አንድ ሰው ማዳበሪያ ተሸክሞ ሲሄድ ስታይ ውስጡ ያለው ማዳበሪያ ነው ብለህ ትደመድማለህ? ጤፍም ሊሆን ይችላል፣ ከሰልም፣ የሰው ልብስም። ስሙ የከረጢቱ ነው። ኤምፒ4ም እንደዚያው ከረጢት ነው። ሞቭ፣ ኤቪአይ፣ ኤምኬቪ የሚባሉትም ከረጢቶች ናቸው። ውስጡ ያለው ምስል የታመቀበት ዘዴ ነው ኮዴክ የሚባለው። ብዙ ዘመን የሠራውና ሁሉም የሚያውቀው በ2003 እ.ኤ.አ. የወጣው ኤች.264 ነው። በ2013 እ.ኤ.አ. ደግሞ ታናሽ ወንድሙ ኤች.265 መጣ፤ ሌላ ስሙ ኤችኢቪሲ ነው። ይኼኛው ፊልሙን በጣም አሳንሶ ስለሚያምቅ ኤዲተሮች ‹‹ፋይሉ እንዳይከብድ›› ሲሉ እሱን ይመርጣሉ። ቪኤልሲ ይከፍተዋል። የሙዚቃ ፕሮግራሞች ግን፣ በተለይ ቆየት ያሉት፣ አያውቁትም።

ቪኤልሲ ለምን ሁሉን ይከፍታል ብትል፣ መፍቻውን ሁሉ ራሱ በኪሱ ይዞ ስለሚዞር ነው። በ1996 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ውስጥ ያሉ ተማሪዎች የጀመሩት ሥራ ነው። እንግዲህ ‹‹በቪኤልሲ ይሠራል›› ማለት ፋይሉ አልሞተም ማለት እንጂ ሌላ ቦታ ይሠራል ማለት አይደለም።

ታዲያ በግምት አንሂድ። ፊልሙን በቪኤልሲ ክፈትና ኮንትሮልንና ጄን አንድ ላይ ተጫን። አንድ ሠንጠረዥ ይወጣልሃል። ኮዴኩ ምን እንደሆነ፣ በሰከንድ ስንት ፍሬም እንደሆነ፣ የድምፁ መጠን 44,100 ይሁን 48,000 ሁሉንም ይነግርሃል። በወረቀት ጻፈው። ኤችኢቪሲ ወይም ኤች.265 የሚል ካየህ ሌባው ተያዘ።

ኤች.264 የሚል ካየህና አሁንም ኩቤዝ ጥቁር ከሆነብህ ግን ሌላ ሁለት ነገር ሞክር። አንደኛው ሊያስቅህ ይችላል፤ ኤፍ8ን ተጫን። የኩቤዝ የቪዲዮ መስኮት የሚከፈተው በእሱ ነው። መስኮቱን ሳይከፍቱ ‹‹ምስል የለም›› የሚሉ ሰዎች ብዙ ናቸው ብሎኛል ወዳጄ። ሁለተኛው የላፕቶፕህ የግራፊክስ ድራይቨር ነው። የኩቤዝ ቪዲዮ ሞተር ምስሉን የሚስለው በግራፊክስ ካርዱ ስለሆነ፣ ድራይቨሩ ያረጀ ወይም ጭራሽ ያልተጫነ ከሆነ ጥቁር መስኮት ብቻ ታያለህ። ድራይቨሩን ከላፕቶፑ አምራች ገጽ ላይ አውርድ፤ ሌላ ቦታ አትሂድ። የፋይሉን ስምም በአጭር የእንግሊዝኛ ፊደል አድርገው፤ በአማርኛ ፊደልና በምልክት የተሞላ ስም የሚያደናግራቸው ፕሮግራሞች አሉ።

አሁን መድኃኒቱን ልንገርህ። ዋናውን ፊልም አትንካው። ለአንተ ለሥራ ብቻ የሚሆን አነስ ያለ ቅጂ አውጣለት። ሃንድብሬክ የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ፤ ከራሱ ገጽ ነው የሚወርደው። ፊልሙን እዚያ ክፈተው። ፕሪሴት በሚለው ውስጥ ‹‹ፕሮዳክሽን›› የሚል ክፍል ታገኛለህ፤ በእሱ ሥር ‹‹ፕሮዳክሽን ፕሮክሲ 540ፒ›› የሚል አለ። ለዚሁ ለሥራ ቅጂ የተዘጋጀ ነው፤ ምረጠው። ቪዲዮ የሚለውን ገጽ ከፍተህ ኮዴኩ ኤች.264 መሆኑን፣ ‹‹ኮንስታንት ፍሬምሬት›› የሚለው መመረጡን በዓይንህ አረጋግጥ። ኦዲዮ የሚለው ገጽ ላይ ሳምፕልሬቱን 48 አድርገው። ምስሉ ትንሽ ደብዘዝ ቢልብህ አይክፋህ። አንተ የምትፈልገው በሩ መቼ እንደተዘጋና እንባዋ መቼ እንደወረደ ማየት ነው፤ የሽፋሽፍቷን ብዛት መቁጠር አይደለም።

ታዲያ በአንዴ 100 ደቂቃውን ሙሉ እንዳትለቀው! የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነው። ሬንጅ የሚለው ቦታ ላይ ‹‹ሰከንድስ›› ብለህ ከዜሮ እስከ 60 ስጠውና የአንዲት ደቂቃ ናሙና አውጣ። እሷን ኩቤዝ ውስጥ አስገባ። ከሠራች ማታ ሙሉውን ለቀህ ተኛ። ላፕቶፕህ አሮጌ ከሆነ ሌሊቱን ሊፈጅ ይችላል። መብራት ከሄደና ባትሪው ካልያዘ ግን ከሀ መጀመርህ ነውና፣ ፊልሙን በአራት ወይም በአምስት ክፍል ከፋፍለህ ብታወጣው ይሻላል። ተከፋፍሎ መሥራት ለሙዚቃውም ይመቻል፤ የ20 ደቂቃ ፕሮጀክት እንደ 100 ደቂቃው ኮምፒውተርህን አያንገዳግደውም። የየክፍሉን መጀመሪያ ሰዓት ብቻ በማስታወሻ ያዝ።

‹‹ለምንድን ነው ግን የሙዚቃ ፕሮግራም እንዲህ የሚቀናጣው?›› ትለኝ ይሆናል። ወዳጄ ሲያስረዳኝ እንዲህ አለ፤ ተራ ማጫወቻ ፊልሙን ከጫፍ እስከ ጫፍ ወደ ፊት ብቻ ነው የሚያየው። አንተ ግን አራት ሰከንድ ላይ ሃያ ጊዜ ትመላለሳለህ። ወደ ኋላ ትጎትታለህ፣ ትዘላለህ፣ ትደጋግማለህ። የታመቀ ፊልም ደግሞ እያንዳንዱን ምስል ሙሉውን አያስቀምጥም። አንድ ሙሉ ምስል ያስቀምጥና ከዚያ በኋላ ያሉትን ‹‹እጁ ትንሽ ተነሳ፣ ፀጉሯ ትንሽ ዞረ›› እያለ ለውጡን ብቻ ይመዘግባል። ኤች.264 ለመሥራት ብዙ ሰው የሚጠቀምበት መሣሪያ፣ ካልነገሩት በቀር፣ እስከ 250 ፍሬም ድረስ አንድ ሙሉ ምስል ብቻ ሊያስቀምጥ ይችላል። በሰከንድ 25 ፍሬም ከሆነ አሥር ሰከንድ ነው! እንግዲህ አንተ መሃሉ ላይ ዘለህ ስትገባ ፕሮግራሙ ወደ ኋላ ሮጦ ሙሉውን ምስል ፈልጎ፣ ከዚያ ለውጡን ሁሉ ደምሮ ነው የሚያሳይህ። በዚያ ላይ ሃያ ትራክ ሙዚቃ ተሸክሟል። ምስሉ መንቀጥቀጡና መቆሙ አይገርምም። ከባዱን የኤዲተር ፋይል ትተህ ቀላል የሥራ ቅጂ ያዝ ያልኩህ ለዚህም ጭምር ነው። ቅጂውንም ከፍላሽ ላይ አታጫውተው፤ ኮምፒውተሩ ዲስክ ላይ አስቀምጠው።

ከበሮው በሩ ከተዘጋ በኋላ የሚመታበት ነገርስ? ስልክና ኮምፒውተር ሁለት የተለያየ ሰዓት ያሰሩ ሰዎች ናቸው፤ ‹‹አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት›› ብለህ ብትለቃቸውም ማንም እጃቸውን አያያይዛቸውም። ይህን ዘዴ ከዛሬ ጀምሮ ተወው። በዚያ ላይ በቴሌግራም እንደ ቪዲዮ የተላከ ፊልም ቴሌግራም ራሱ እንደገና አምቆት ነው የሚደርስህ። ‹‹እንደ ፋይል›› ብለው ሲልኩት ብቻ ነው እንዳለ የሚመጣው።

ቪዲዮው ኩቤዝ ውስጥ ገብቶም እየቆየ የሚስት ከሆነ ግን ስህተቱን ራሱ ልኩ ይነግርሃል፤ ለዚህ ነው ቁጥሮቹን በወረቀት ጻፍ ያልኩህ። በ24 ፍሬም የተሠራ የ100 ደቂቃ ፊልም በ25 ቢጫወት በ96 ደቂቃ ያልቃል፤ አራት ደቂቃ በላህ ማለት ነው። በ23.976 የተሠራው በ24 ቢጫወት ደግሞ ጠቅላላ ልዩነቱ ስድስት ሰከንድ ነው። ይኼኛው ነው ክፉው፤ መጀመሪያ ላይ አይታወቅም፣ መጨረሻው ላይ ያዋርድሃል። 44,100 የሆነ ድምፅ 48,000 ነው ተብሎ ከተጫወተ 100 ደቂቃው ወደ 92 ይወርዳል፣ ድምፁም ከአንድ ግማሽ ቶን በላይ ቀጥኖ ይወጣል። ይህን ያህል የቀጠነ ድምፅ ደግሞ ዘፈን ለሚያቀናብር ጆሮ አይሰወርም። መፍትሔው ከመጀመሪያው ነው፤ ኩቤዝ ላይ አዲስ ፕሮጀክት ስትከፍት ሺፍትንና ኤስን ተጫን፣ ሳምፕልሬቱን 48 አድርግ፣ ቪዲዮውን ካስገባህ በኋላ ደግሞ ‹‹ጌት ፍሮም ቪዲዮ›› የሚለውን ተጫንና የፍሬሙን ቁጥር ራሱ ከፊልሙ እንዲወስድ አድርግ። ቁጥሩ ቪኤልሲ ከነገረህ ጋር አንድ መሆኑን አይተህ ሥራ ጀምር።

በስልካቸው ክሊፕ የሚቀርፁ አንባቢያንም ይህን ስሙ። ስልክ ብርሃን ሲያንሰው ወይም ሲደክመው በሰከንድ የሚያነሳውን ፍሬም ከፍ ዝቅ ያደርገዋል፤ የሙዚቃ ፕሮግራም ደግሞ የሚረግጠው መሬት ሲወዛወዝበት ይስታል። ሃንድብሬክ ላይ ‹‹ኮንስታንት›› የምንለው ይህን ለማረጋጋት ነው። አይፎን ያላችሁ ደግሞ ከ2017 እ.ኤ.አ. ወዲህ ስልኩ የሚቀርፀው በኤችኢቪሲ ሊሆን ስለሚችል፣ ሴቲንግ ውስጥ ካሜራ፣ ከዚያ ፎርማትስ ገብታችሁ ‹‹ሞስት ኮምፓቲብል›› የሚለውን ብትመርጡ ከግማሹ ጣጣ ትገላገላላችሁ።

አሁን ደግሞ ከኮምፒውተሩ ወጥተን ወደ ሰውየው እንሂድ። እውነቱን ልንገርህ ወንድሜ፣ ከጥቁሩ ምስል ይልቅ እኔን ያስፈራኝ ‹‹በጥሩ ሁኔታ ላይ ነው›› የምትለው ነገር ነው። ዳይሬክተሩ በእርግጥ በጥሩ ሁኔታ ላይ ነው ብሎ ፊልሙን መቼ እንደሚያሳይ ለሰው ቀን እየሰጠ ይሆናል። ነገ ጠዋት ደውልለት። አታልቅስበት፤ ‹‹አልቻልኩም›› አትበለው። እንዲህ በለው፤ ‹‹ፊልሙን ደጋግሜ አየሁት። ከምስሉ ጋር እንዲገጥም አድርጌ ለመሥራት የተላከልኝ ፋይል አልተመቸኝም። ኤዲተርዎ በኤች.264፣ ፍሬሙን ሳይቀይር፣ ድምፁን 48 አድርጎ፣ ምስሉ ላይ ሰዓት እየቆጠረ እንዲታይ አድርጎ ያውጣልኝ። እስከዚያ እኔ ባወጣሁት ቅጂ ጀምሬአለሁ።›› ይህን የሚል ሰው የማይችል አይመስልም፤ ሥራውን የሚያውቅ ነው የሚመስለው። ሰዓቱ ምስሉ ላይ ከተጻፈ ዳይሬክተሩ ‹‹እዚያ ልጅቷ ስታለቅስ›› ማለቱን ትቶ ‹‹42 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ ላይ›› ይልሃል። ይህ ብቻውን የሁለት ቀን ንትርክ ይቀንሳል።

ሌላም ለምነው። ከፊልሙ የመጀመሪያ ምስል በፊት ልክ ሁለት ሰከንድ ላይ የአንድ ፍሬም ርዝመት ያላት አንዲት ‹‹ጢጥ›› የምትል ድምፅ ያስገባልህ፤ መጨረሻው ላይም አንዲት ትጨመር። የፊልም ሰዎች የቆየ ዘዴ ነው። የመጀመሪያዋ ጢጥ ገጥማ የመጨረሻዋ ካልገጠመች፣ ሙዚቃህን ሳትወቅስ የፍሬም ወይም የሳምፕልሬት ችግር መሆኑን በአንድ ደቂቃ ታውቃለህ።

ዋናውን ጥያቄ ደግሞ በስልክ ሳትዘጋ ጠይቀው፤ ‹‹ፊልሙ ከእንግዲህ አይቆረጥም?›› ብለህ። ብዙ አቀናባሪ የሚቃጠለው እዚህ ላይ ነው። አንተ ስምንት ቀን ለፍተህ ሙዚቃውን ታስገጥማለህ፣ እነሱ 15ኛው ደቂቃ ላይ አንዲት ትዕይንት ሰባት ሰከንድ ያሳጥራሉ፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ሰባት ሰከንድ ይስታል። ‹‹ገና ነን›› ካለህ፣ የማይነኩትን ክፍሎች ይንገርህና ከእነሱ ጀምር። ከተቆረጠ ደግሞ ቀኑ እንደሚራዘም ያኔውኑ ተነጋገሩ፤ በመልእክትም ጻፍለት፣ ነገ ሌላ ወሬ እንዳይመጣ። በእኔ አስተያየት ኤዲተሩ ‹‹አለቀ›› ሳይል ሙሉ ማጀቢያ መጀመር ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚሉት ዓይነት ነው።

ሥራህን ስታስረክብም ቪዲዮውን ከኩቤዝ አውጥተህ አትስጠው፤ ያንተ ደብዛዛ ቅጂ ሲኒማ ቤት ቢገባ ጉድ ይፈላል። ሙዚቃውን ብቻ ከፊልሙ መነሻ ጀምረህ፣ ጢጧን ጨምረህ፣ በዋቭ፣ በ48፣ በ24 ቢት አውጥተህ ስጠው። ኤዲተሩ ዋናው ፊልም ሥር ያስቀምጠዋል፤ ጢጥ ከጢጥ ጋር ሲገጥም የቀረው ይገጥማል።

አሮጌ ኩቤዝ ላለው የቀጠርኩት መንገድ ሪፐር ነው። ከራሱ ገጽ ወርዶ 60 ቀን በነጻ ይሞከራል፤ ለግለሰብና ለትንሽ ሥራ ፈቃዱ 60 ዶላር ነው። ያንተ ሥራ ደግሞ 12 ቀን ነው የቀረው! ሪፐር ዊንዶውስ ላይ ቪዲዮ መክፈቻውን ከቪኤልሲ ወይም ኤፍኤፍምፔግ ከሚባለው ይዋሳል። ስለዚህ ሪፐሩ 64 ቢት ሆኖ ቪኤልሲው 32 ቢት ከሆነ አይተዋወቁም፤ ሁለቱንም 64 አድርጋቸው። ፊልሙን ጎትተህ አስገባና ኮንትሮል፣ ሺፍትና ቪን ተጫን፤ የምስሉ መስኮት ይመጣል። ኩቤዝህን መተው ካልፈለግህ ሙዚቃውን እዚያው ሠርተህ፣ ሪፐርን ከፊልሙ ጋር ማገናኛ ብቻ አድርገው።

ባለፈው ስለ ኤፍ ኤል ስቱዲዮ የጠየቅሽን እህታችን፣ አንቺም አልተረሳሽም። እዚያ ፕሮግራም ውስጥ ቪዲዮ እንደ ድምፅ ትራክ ተጎትቶ አይገባም። ሚክሰሩ ላይ ዜድ ጌም ኤዲተር ቪዥዋላይዘር የሚባለውን ጭነሽ፣ ቪዲዮውን በእሱ ውስጥ ነው የምትከፍቺው። ለአጭር ክሊፕ ይበቃሻል። ለሙሉ ፊልም ግን እኔ አልመክርሽም፤ ሪፐሩ ይሻልሻል።

ወንድሜ፣ የናሙናዋ ደቂቃ እምቢ ካለችህ ቪኤልሲ ላይ ያየኸውን ሠንጠረዥ እንዳለ ገልብጠህ፣ የኩቤዝህን ቁጥርና የላፕቶፕህን ዓይነት ጨምረህ ለዝግጅት ክፍሉ ላክልኝ። 12 ቀን እንዳለህ አውቃለሁና ጋዜጣው እስኪወጣ አላስጠብቅህም።

የሳምንት ሰው ይበለን።